እንሽላሊት ሸናብኝ? ቅጠል ከመቀባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ጀሞ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እንሽላሊት የአጥር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ልጆች ድንጋይ ያነሳሉ፣ ትልልቆቹ ደግሞ «እንዳይሸናባችሁ!» ብለን እንጮሃለን።

በቅርቡ አንድ ወጣት ለሕክምና መጣ። በቀኝ ጎኑ፣ ከጀርባው እስከ ደረቱ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተሰልፏል። ያቃጥለዋል፣ ሸሚዙ ሲነካው እንኳን አይችልም። «ዶክተር፣ ተኝቼ እንሽላሊት ሸንቶብኝ ነው» አለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ቤቱ ቅጠል ሲቀባ ነበር የቆየው።

እንሽላሊቱ ግን ከደሙ ንጹህ ነው! ድንጋይ ላይ የምናየው እንሽላሊት ቀን ፀሐይ ሲሞቅና ነፍሳት ሲያድን ውሎ ማታ ጉድጓዱ ይገባል። አብዛኞቹ እንሽላሊቶች ደግሞ እንደኛ ፈሳሽ ሽንት አይሸኑም፤ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ነጭና ወፈር ያለ ነገር ነው የሚያወጡት። እሱም ቆዳ አያቃጥልም።

👉 ታዲያ ሽፍታው ምንድን ነው?

አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ያመጣብን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። የነርቩን መስመር ስለሚከተል በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ያ ወጣት ይህ ጊዜ አልፎበታል።

⚠️ ሽፍታው ዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ላይ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ሂዱ፤ የዓይን ብርሃን ሊጎዳ ይችላል። በወጣትነት ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ። ሽፍታው የወጣበት ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፣ ግን ማወቁ ይጠቅማል።

👉 እንሽላሊት መርዝ የለውም?

በመርዛማ ንክሻቸው የታወቁት ጥቂት ዝርያዎች የሚኖሩት በሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። የሰፈራችን እንሽላሊት መርዝ የለውም፤ እንዲያውም ዝንብና በረሮ ይበላልናል። በየወንዙና በየሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ አርጃኖ ግን ጥርሱም ጥፍሩም ኃይለኛ ስለሆነ አትጠጉት።

👉 እውነተኛው ጥንቃቄ

✅ እንሽላሊት አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፣ ሕፃናት ላይ ይብሳል። ልጆች ከነኩት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ምግብና ውሃ ይከደን። ምግብ ውስጥ ከገባ ምግቡን ድፉት።

✅ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ ስለ ቴታነስ ክትባት ሐኪም ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከእንሽላሊት አይመጣም። ለእሱ የሚያሰጋን የውሻና የድመት ንክሻ ነው።

✅ የነከሳችሁን ነገር በደንብ ካላያችሁት እባብ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ተቋም ሂዱ። አትሰሩት፣ አትብጡት።

ነገ ጠዋት ድንጋይ ላይ ካያችሁት ተዉት፣ ፀሐዩን ይሙቅ። ሽፍታ ካያችሁ ግን ቀን አትቁጠሩ፣ ታከሙ።

ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉት።