ቃል የሚረታባቸው ጌሞች

ኮልፌ ውስጥ በአጠና ተራም ሆነ በአስራ ስምንት ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ሰው ፕሌይስቴሽን ቤት አያጣም። ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ፣ ተረኛው ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ኳስ ካልሆነ ድብድብ ወይም ተኩስ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት፣ ግን የሚዋጋው ጠላት የሌለበት የጌም ዓይነት ግን እዚህ ብዙም አይታወቅም።

አርፒጂ የሚባሉት ጌሞች የተለመደው አካሄዳቸው ገጸ ባሕርይ ይዞ ጠላት መግደልና በገደሉት ልክ መጠንከር ነው። ውጊያው ሲወጣ የሚቀረው ንግግር ነው። የዚህ ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የወጣው «ዲስኮ ኤሊሲየም» ነው፤ በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ የታጨባቸውን አራት ዘርፎች በሙሉ አሸንፏል።

ተጫዋቹ መርማሪ ፖሊስ ይሆናል። ሰውዬው ሲጠጣ አድሮ ሲነቃ ስሙን እንኳ አያስታውስም። ሽጉጡና የፖሊስ ምልክቱ ጠፍተዋል፤ ካደረበት ቤት ጓሮ ደግሞ ዛፍ ላይ የተሰቀለ አስከሬን አለ። ክራባቱ ከጣሪያው ማራገቢያ ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። ሊያወርደው ሲሞክር ጤናው ደካማ ከሆነና ዕድል ከከዳው ልቡ ቀጥ ብሎ ጨዋታው ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ያልቃል። ጌሙ አደጋን የሚያየው በዚህ ዓይን ነው፤ ከጠላት ይልቅ የሰውየው የገዛ ገላ ያሰጋል።

መርማሪው 24 ችሎታዎች አሉት። ሎጂኩ፣ ርኅራኄው፣ ጽናቱ ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ያወሩታል፣ ይመክሩታል፣ አንዳንዴም ያሳስቱታል። ሰው ለማሳመን ወይም ውሸት ለማውጣት ሲሞክር ሁለት ዳይስ ይጣላሉ፤ ድምሩ በችሎታው ላይ ተጨምሮ ከፈተናው ክብደት ጋር ይመዘናል። ነጩ ፈተና ኋላ ሊደገም ይችላል፤ ቀዩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቀዩ የወደቀ ውድቀቱን ይዞ ታሪኩን ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜም የተሻለው ታሪክ የሚገኘው ከዚያ ነው። ለእኔ የጌሙ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። በልሃ ልበልሃ ሙግት ያየ ወይም የሰማ ሰው ስሜቱን አያጣውም፤ የሚረታው ጊዜውን ጠብቆ የተነገረ ቃል ነው። ደም ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሽጉጥ የሚተኮስበት ትዕይንት አለ፣ እሱም ቢሆን የሚታለፈው በንግግር ምርጫና በዳይስ ነው።

ረጋ ያለ ለሚፈልግ የካን ጋኦ «ቱ ዘ ሙን» አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ትንሽ ጌም ነው፤ ሁለት ሐኪሞች ሊሞት የተቃረበን ሰው ትዝታ ከእርጅናው ወደ ልጅነቱ ተከትለው ጨረቃ ላይ መድረስን ለምን እንደተመኘ ይፈልጋሉ። አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

እነዚህ ጌሞች ለእኛ ይቀርባሉ የምለው ከሁሉ በላይ የሚጠይቁት ጸሐፊ ስለሆነ ነው። «ዲስኮ ኤሊሲየም»ን የመራው ሮበርት ኩርቪትዝ ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ከሚያንሰው ከኢስቶኒያ የወጣ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ልብ ወለድ ብዙም አልተሸጠለትም፤ ያንኑ ዓለም ወደ ጌም ወስዶ ከባልደረቦቹ ጋር ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ጻፉበት። እኛም ዘንድ ጌም የሚሠራ አለ፤ ቅኔ ጌምስ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል። የጎደለው በአማርኛ የሚያወራ ረጅም ታሪክ ነው። በእርግጥ በጨዋታ ሒሳብ የሚያስከፍል ፕሌይስቴሽን ቤት ሠላሳ ሰዓት የሚፈጅ ጌም አያዋጣውም፤ መንገዱ ስልክ ነው።

ታሪኩማ ኮልፌ ሞልቷል። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ነው። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ድርጅታቸው በቴሌግራም ጠራቸው፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ይህ ጌም ሆኖ ባየው እወዳለሁ። ተጫዋቹ ከካምፑ ወጣት ፖሊሶች አንዱ ይሁን። እንግዳው ማን እንደሆነ አልተነገረውም። ቀን አብሮት ይሮጣል፣ ማታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወራዋል፣ ቀስ በቀስም ይደርስበታል። ከሰማው ለአለቃው የሚነግረውንና ለራሱ የሚያስቀረውን መምረጥ የተጫዋቹ ፈንታ ነው።