በከፍተኛ ትምህርት ያለውን ደቀ መዝሙር ስለ መምራት

ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ማስተማር አድካሚ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለዶክትሬት የሚደክመውን፤ ዕድሜው የበሰለውን፤ ምናልባትም ራሱ አስተማሪ ወይም ሹም የሆነውን ሰው መምራት ከዚያ ያላነሰ ድካም መሆኑን የሚያስበው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ብዙ ስለሚያውቅ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል፤ መንገድ የሚስተውም ብቻውን ሲሄድ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፤ በወገራ ደጋ ላይ ባለችው በአምባ ጊዮርጊስ ሆኖ ይህን ነገር መመልከት ይቀላል። በዚያ አገር የሚያስተምር አንድ መምህር በክረምት ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲ ወርዶ ቢማር፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ሥራው መመለሱ ግድ ነው። ከአማካሪው ጋር ፊት ለፊት የሚተያየው እንግዲህ በዚያች ክረምት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሥራና የቤተ ሰቡ ጉዳይ ይስበዋል፤ የተጀመረውም ጽሑፍ በሣጥን ውስጥ ይተኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፤ በመልእክት ይመራ የነበረው ተማሪ ጭራሽ ከአማካሪው የተለየበት ጊዜ ነበረ።

የአማካሪውም ጭንቅ መነገር አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርትን ያደራጀው በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲዎች በየአውራጃው ሲበዙ የተማሪው ቍጥር ከአማካሪው ቍጥር ቀድሞ ሄደ። ማማከርን ለብቻው የተማረውም ጥቂት ስለ ሆነ፤ ብዙው ሰው የሚያማክረው እርሱ በተማከረበት ዓይነት ነው፤ ተንቆ የተማረው ይንቃል፤ ተረስቶ የተማረው ይረሳል።

ለዚህ የሚሆነው ብልሃት ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ልቍጠር አይልም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ዘአምላኪየ፤ ወደ ሚበዝኁ እያለ ያድጋል። ያሰበውንም ይዞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩ የላላበትን፤ ቤቱ የተሰበረበትን በዚያው ሰዓት ያቀናለታል። በዩኒቨርሲቲ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። ተማሪው ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ይቆይና መቶ ገጽ ተሸክሞ ይመጣል፤ አማካሪውም አንብቦ መሠረቱ ጠማማ ሆኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ አፍርሰው ቢለው የሰውን ልብ ይሰብራል፤ ይለፍ ቢለው ትምህርቱን ያዋርዳል። በየሁለት ሳምንቱ አራት ወይም አምስት ገጽ መቀበል ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ገጾቹ ደካማ ቢሆኑም አያሳፍርም። ከእያንዳንዱም ንግግር በኋላ ምን እንደ ተባለና እስከ መቼ ምን እንደሚሠራ ተማሪው ራሱ ጽፎ ግልባጩን ለአማካሪው ቢሰጥ፤ ኋላ «አላልሁም፤ ብለዋል» የሚባለው ክርክር ይቀራል። ሹማምንት የግልባጭን ጥቅም ስለሚያውቁ ይህ ለእነርሱ አዲስ ነገር አይሆንም።

የጽሑፉን ርእስ ማጥበብም የአማካሪው ሥራ ነው። አንድ ተማሪ «ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እጽፋለሁ» ቢል ዕድሜ ልኩን ቢጽፍ አይፈጽመውም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ፤ ገበሬ የነበረው አባወራ በከተማ በምን ይተዳደራል ብሎ ቢጠይቅ ግን ሊጨርሰው የሚችለውን ጥያቄ ያዘ ማለት ነው። በዳባትም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፤ ሞትና ፍልሰት እየተከታተለ የሚመዘግብ የጎንደር ምርምር ማዕከል ስላለ፤ የጤና ተማሪ ከዚያ መዝገብ አንድ ጥያቄ ሊያወጣ ይችላል፤ አስቀድሞ መዝገቡ እንዴት እንደ ተሰበሰበ ይወቅ እንጂ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «እሺ» የምትባለው ቃል ናት። ተማሪው አማካሪውን ስለሚያከብር ያልገባውን ነገር እሺ ብሎ ተቀብሎ ይወጣል፤ ከደጅ ሲደርስ ምን እንደ ታዘዘ አያውቅም። አፍሮም ሦስት ወር ይጠፋል፤ አማካሪው ደግሞ ሰነፍ ነው ይለዋል። ስለዚህ «ገባህ ወይ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። የጠፋውንም ተማሪ አማካሪው ራሱ ደውሎ ቢፈልገው ክብሩ አይጐድልበትም።

የሌላውን ሰው ቃል ገልብጦ የራስ ማስመሰል ያለበት ጽሑፍ ሲመጣ ቍጣ ብቻ አይጠቅምም። ከችኰላ የመጣ ስሕተት እንደ ሆነ ጥቅስ እንዴት እንደሚጠቀስ ማሳየት፤ በተንኰል የተደረገ እንደ ሆነ ግን ሳይሸፍኑ ለክፍሉ ማሳወቅ የተገባ ነው። አማካሪውም ተማሪው የደከመበትን ሥራ በራሱ ስም ብቻ ቢያሳትም ያው ስርቆት ነው፤ ይህኛው ግን ብዙ ጊዜ አይወራም።

አማካሪና ተማሪ በሐሳብ ሲለያዩስ? ድጓ የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ለምስክርነት የሚሄደው ያስተማረው መምህር ብቻውን እንዳይፈርድለት ነው፤ ከውጭ የሚጠራው ፈታኝም ለዚሁ ነው። በጎንደር ዘመን መምህር ኤስድሮስ ከመምህራን የተቀበሉትን የመጻሕፍት ትርጓሜ እንዳለ ሳይተዉ እንደ ገና መርምረው አቀኑ፤ የእርሳቸው ታች ቤት፤ የቀድሞው ላይ ቤት ተባለ፤ በብዙው ጉባኤም የጸናው የታች ቤቱ ሆነ። በአንድምታውም አንዱ ፍች ሌላውን ሳያጠፋው «አንድም» እየተባለ አጠገቡ ይቀመጣል። እንደዚሁ ተማሪው የራሱን ሐሳብ ከነማስረጃው ጽፎ የአማካሪውን ሐሳብ ከጐኑ ቢያኖር፤ ፈታኞች ሁለቱን መዝነው ይፈርዳሉ።