ብቻውን ሲቀር የሚጮኽ ውሻ

ውሻ ሰው በሌለበት ቤት የሚጮኸው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዱ በበሩ የሚያልፈውን መንገደኛ ለማራቅ፣ ሌላው ውሎው ስለሰለቸው፣ ሌላው ሙቀትና ጥም ስላስጨነቀው፣ ሌላው ደግሞ ከሚያምነው ሰው መለየት ስለሚያስፈራው ይጮኻል። ለአንዱ የሚበጀው ዘዴ የሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጩኸቱን ምክንያት መለየት ይገባል።

ለዚህ የእጅ ስልክ በቂ ነው። ምስልና ድምፅ እንዲቀርጽ አድርጎ ውሻው በሚታይበት ቦታ ትቶት መውጣት ነው። መለየት የሚያስጨንቀው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱን የሚጀምረው ባለቤቱ በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያላዝናል፣ ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል፣ በሩን ይቧጭራል፣ የተተወለትንም ምግብ ብዙ ጊዜ ሰው እስኪመለስ አይነካም። ለጥበቃ የሚጮኽ ውሻ ግን ኮቴ ሲሰማ ይነሣል፣ ኮቴው ሲርቅ ይተኛል። ውሎው የሰለቸው ውሻ ደግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ እየደጋገመ ይቆያል፤ የሚያኝከው ነገር ካገኘ ግን ዝም ይላል።

በካርቱሙ የአርካዊት ሰፈር የውሻ ውሎ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ነው። እስልምና ለጥበቃ፣ ለአደንና ለመንጋ የሚሆን ውሻ መያዝን ይፈቅዳል፤ መኖሪያ ክፍል ማስገባት ግን በብዙ ቤት አልተለመደም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ ይፋጃል። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የጧት ጥላ ቀትር ላይ እንደሚሸሽ ማሰብ፣ ውኃውንም በቀላሉ በማይደፋ ከባድ ዕቃ ማስቀመጥ ከማንኛውም ሥልጠና ይቀድማል። በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ጥላው የራቀው ውሻ ቢጮኽ፣ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን ጥላ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የብረቱ በር ነው። ውሻው በቀዳዳው መንገደኛ አይቶ ይጮኻል፤ ሰውየውም ድሮም አላፊ ነበርና ያልፋል። ለውሻው ግን ጩኸቱ ሠርቷል፣ ባዕዱ ተባርሯል፤ ስለዚህ በማግስቱ አብዝቶ ይጮኻል። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ወይም በሸራ መሸፈን፣ ሰው ሲወጣም ውሻውን ወደ ጓሮ ማዛወር ይህን ያበርዳል። በተለይ ምሳ ተበልቶ ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ይህ ለጎረቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ከመለየት ፍርሃት የሚመጣው ጩኸት ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሻ ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ጫማ ሲጠለቅ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ቁልፉን አንሥቶ መልሶ ይቀመጥ፤ ጫማውን አድርጎ ቡናውን ይጠጣ፤ ምልክቶቹ ቀስ በቀስ ትርጉም ያጣሉ። ከዚያ ከበሩ ውጭ ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ፣ ውሻው ሳይጨነቅ መመለስ ነው። ቆይታው በጥቂት በጥቂቱ ይረዝማል፤ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ያጥራል። ውሻው ከጮኸ ርዝመቱ ከአቅሙ በላይ ነበርና ወደ ቀድሞው መመለስ ይገባል። አርባ ደቂቃ ያህል በሰላም መቆየት ከቻለ በኋላ ጊዜውን በሰፊው መጨመር ይቻላል፤ ጭንቀቱ የሚበረታው በመነሻው ነውና። ሥልጠናው እስኪያልቅ ውሻውን ጨርሶ ብቻውን አለመተው ይመረጣል። ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ዘበኛ አብሮት ቢውል ድካሙ አይባክንም። የቤት ሠራተኛዋ በምትመግበው ቤት ውሻው የሚናፍቀው እርሷን ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ልምምዱን የምትመራውም እርሷ ብትሆን ይሻላል። ሌላ ውሻ ማምጣት ግን ብዙም አይረዳም፤ የጎደለው ሰው ነውና።

ለሰለቸው ውሻ ፀሐይ ሳትወጣ መሬቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጥሩ የእግር ጉዞ ማድረግ፣ ከዚያም ፈልጎ የሚያገኘው ምግብ በግቢው መበተን ይጠቅማል። ቅመም የሌለው የሥጋ መረቅ በዕቃ አቀዝቅዞ በረዶ አድርጎ መስጠት ለካርቱም ሙቀት ሁለት ጥቅም አለው። የወጥ ትራፊ ግን መቅረት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ሊወጋ ይችላል።

ተመልሶ መምታት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ውሻ ዱላውን ከሰዓታት በፊት ከነበረው ጩኸት ጋር አያገናኘውም፤ የሚማረው የባለቤቱን መምጣት መፍራት ነው፣ ያም ጭንቀቱን ያባብሳል። አፍን አጥብቆ የሚዘጋ ማሰሪያ በሙቀት ማለክለክን ስለሚከለክል ሊገድል ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያንም ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላለች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ሰዎችን ከቤታቸው ሲያፈናቅል፣ የተኩስና የአውሮፕላን ድምፅ የሰማ እንስሳም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ በርችት፣ በነጎድጓድ ወይም በአቧራ ማዕበል ጊዜ ብቻውን ሲቀር ይሸበራል። ድምፅ የሚቀንስ፣ የተሸፈነና ጨለም ያለ መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ሥልጠናውም ከሌላው ውሻ በዝግታ መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ወይም ዝምተኛ የነበረ ያረጀ ውሻ ድንገት መጮኽ ከጀመረ፣ የእንስሳት ሐኪም ሕመምን፣ የመስማት ችግርንና የእርጅና መርሳትን መመርመር አለበት። ለመለየት ጭንቀት ክሎሚፕራሚንና ፍሉኦክሰቲን የተባሉት መድኃኒቶች በአሜሪካ ለውሾች ተፈቅደዋል፤ የተፈቀዱትም ከሥልጠና ጋር እንዲሰጡ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ሲሆን፣ ለሰው የታዘዘ እንክብል በግምት ከፍሎ መስጠት ውሻውን ሊመርዘው ይችላል።