ጣፊያ ውስጥ የሸመቀው

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። ግራሩ ሥር ከተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር የምትወጣ፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የሌላት ነፍሳት ትነክሰዋለች። «የአሸዋ ዝንብ» ይሏታል፤ እዚህ አገር ግን ከአሸዋው ይልቅ ጥቁሩን አፈር የመረጠች ናት። ከወራት በኋላ ሰውየው ትኩሳቱ አልለቀው ብሎ፣ ከስቶና ሆዱ ተነፍቶ ጎንደር ይደርሳል። በሽታው ካላ አዛር ነው፤ ካልታከሙት መግደሉ አይቀርም ማለት ይቻላል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ውስጥ የሕመምተኛው አልጋና የተመራማሪው ማይክሮስኮፕ ጎረቤታሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ወባ የደምቢያን ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር።

ካላ አዛርን የሚያመጣው ተሕዋስ፣ የሊሽማኒያ፣ ተንኮሉ መደበቂያው ላይ ነው። ማክሮፌጅ የሚባለው የሰውነት ዘበኛ ጀርም ውጦ የሚፈጭ ሴል ነው፤ ሊሽማኒያ ይዋጥለታል እንጂ አይፈጭለትም፤ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይራባል። ከዚያ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይወርራል። ፈጣኑ የደም ምርመራ ሰው ከዳነም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ስለሚል፣ በሽታው አገርሽቷል ተብሎ ሲጠረጠር ሐኪሙ ከግራ ጎድን ሥር በቀጭን መርፌ ከጣፊያው ጠብታ ይስባል። መርፌው የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ግን ጣፊያ ከደማ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። ይህን መርፌ የሚያስቀር ምርመራ ማግኘት፣ በእኔ ግምት፣ ከአዲስ መድኃኒት አያንስም።

ተሕዋሱ ከገባባቸው ብዙዎቹ ጭራሽ አይታመሙም። ታሞ የዳነም በአብዛኛው ዳግም አይያዝም። ኤች አይ ቪ ያለበት ግን ይድንና መልሶ ይወድቃል። ጎንደርና አብዱራፊ ላይ በእንዲህ ዓይነት ሕሙማን በተደረገ ሙከራ አምቢሶም የተባለው መድኃኒት ብቻውን ተሕዋሱን ያጠፋው ከመቶ 55 ሕሙማን ላይ ሲሆን፣ ሚልተፎሲን የተባለ ሌላ መድኃኒት ሲታከልበት 88 ደረሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ጥምሩ እንዲሰጥ መክሯል።

በዚያው ዓመት የጎንደርና የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ካላ አዛርም ኤች አይ ቪም ያለባቸውን ሕሙማን ተከታትለው፣ የሚያገረሽባቸው ሰዎች ተሕዋሳቸው የበዛ፣ ሲዲ ፎር የሚባሉት ተከላካይ ሴሎቻቸው ቁጥር ያነሰ፣ ተከላካይ ሴሎቻቸውም ፍሬን እንደተያዘባቸው ዝለው የቀሩ መሆናቸውን አሳዩ። በዐይን ሲታዩ ከሌሎቹ አይለዩም፤ የሚለያቸው ደማቸው ነው።