ሥርዓት ለሚያስተምረው ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጨምረው ምንድን ነው?

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ከሚጨነቁባቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው የጠባይ ነገር ነው። ልጅ ዕውቀት ቢጐድለው በጊዜ ብዛት ሊሞላለት ይችላል፤ ሥርዓት ቢጐድለው ግን ያገኘውን ዕውቀት እንኳ በደኅና አይሠራበትም። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «እኛ ዘንድ ከትምህርት ጋር ሥርዓት ይሰጣል» ብሎ በሩን ሲከፍት የብዙ አባትና እናት ልብ ወደዚያ ያዘነብላል። በአሜሪካ አገር በወታደር ሥርዓት የሚመሩት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆችን ዓይን የሳቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተ ሰቦች በዚያ አገር ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ እዚህ ያለነውም ዘመዶቻችን ምክር ሲጠይቁን የምንመልሰውን ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ የነዚህን ትምህርት ቤቶች አመሠራረትና ጥቅም፥ ይልቁንም የወላጅን ድርሻ በሚመለከት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። በ1916 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የአገር መከላከያ ሕግ፥ በአጭሩ ጄ.አር.ኦ.ቲ.ሲ. እየተባለ የሚጠራው የወጣት ዕጩ መኰንኖች ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተቋቋመ። ተማሪው ይህን ትምህርት ከሒሳቡና ከቋንቋው ጋር እንደ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይወስደዋል፤ አስተማሪዎቹም አብዛኞቹ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተሰናበቱ መኰንኖችና ባለሌላ ማዕርግተኞች ናቸው። መጀመሪያ የምድር ጦር ብቻ የነበረው ይህ ትምህርት በ1964 በወጣ ሕግ ለባሕር ኃይልና ለአየር ኃይልም ተፈቀደ። በ1992 በሎስ አንጀለስ ከተማ ታላቅ ሁከት ከተነሣ በኋላ፥ በዚያን ጊዜ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹማምንት ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል ኮሊን ፓወል ትምህርቱ በድኻ ሰፈሮች እንዲስፋፋ አጥብቀው ስላሳሰቡ፥ ወደ 1500 ገደማ የነበረው የክፍሎቹ ቍጥር ከጊዜ በኋላ ከ3000 በላይ ሆነ።

ይሁን እንጂ አንድን የትምህርት ዓይነት በወታደር መምህር ማስተማርና መላውን ትምህርት ቤት በወታደር ሥርዓት መምራት የተለያዩ ናቸው። ለሁለተኛው ዓይነት ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ በ1980 የተከፈተው የፍራንክሊን ትምህርት ቤት ነው። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ግን በቺካጎ ከተማ ነው። በ1999 በብሮንዝቪል ሰፈር የተከፈተው የቺካጎ ወታደራዊ ትምህርት ቤት የተቀመጠው፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የስምንተኛው ክፍለ ጦር ቤት በነበረው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህ ክፍለ ጦር የጥቁር አሜሪካውያን ነበር፤ ሕንፃውም በአሜሪካ ለጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። የአያቶቻቸው ክብር በታየበት አዳራሽ የልጅ ልጆች ደብተር ይዘው መግባታቸው ለሰፈሩ ሕዝብ ትርጕም ነበረው። እስከ 2009 ድረስ በዚያው ከተማ የምድር ጦርን፥ የባሕር ኃይልን፥ የባሕር ወለድ ጦርንና የአየር ኃይልን ሥርዓት የሚከተሉ በጠቅላላው ስድስት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በካሊፎርኒያም በኦክላንድ ከተማ፥ ከንቲባው ጄሪ ብራውን በከተማው የትምህርት ቦርድ ተቃውሞ ሳይበገሩ ከግዛቲቱ ፈቃድ አግኝተው በ2001 እንዲሁ ያለ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

የነዚህ ትምህርት ቤቶች ውሎ እንዲህ ነው። ተማሪው ማለዳ በተወሰነችው ደቂቃ በሰልፍ ቦታው ይገኛል፤ የደንብ ልብሱ፥ ጫማውና ጠጕሩ ይታያል። ማዕርግ አለው፤ ማዕርጉም እንደ ትጋቱ ከፍ ይላል። ትልቁ ተማሪ ታናሾቹን ይመራል፤ ስለ ጥፋታቸውም ይጠየቃል። ሒሳቡ፥ ሳይንሱና ታሪኩ ግን በሌሎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደሚሰጠው ያለ ነው። በቺካጎ ትምህርቱን የሚመራው እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት ዲሬክተሩ ሲሆን፥ የሰልፉንና የሥርዓቱን ክፍል የሚመራ አዛዥ ከጐኑ አለ። ተማሪዎቹም ወታደሮች አይደሉም፤ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ ጦር ሠራዊት የመግባት ግዴታ በሕግ የለባቸውም።

የዚህን ሥርዓት ጥቅም አሳንሶ መናገር አይገባም። ጧት ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ልጅ ልቡ ይረጋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ሲለብሱ የባለጠጋው ልጅ በልብሱ አይኰራም፤ የድኻውም ልጅ አያፍርም። ከሁሉ ይልቅ ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «እነዚህ አሥር ልጆች በአንተ ኃላፊነት ሥር ናቸው» ሲባል፥ በቤቱ ታናሽ፥ በሰፈሩም የማይታወቅ የነበረው ልጅ ራሱን እንደ ሰው መቍጠር ይጀምራል። ስሙን ጠርቶ «ትናንት ለምን ቀረህ?» የሚለው አንድ ትልቅ ሰው በትምህርት ቤቱ መኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቹን የትምህርት ውጤት ያሻሽላሉን? ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ «አዎን» ወይም «የለም» ማለት ያሳስታል። በቺካጎ ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚገባው ተማሪ በማመልከቻ ተመርጦ እንጂ በሰፈሩ ምክንያት ብቻ አይደለም። እንግዲህ ማመልከቻውን ፈልጎ የሚሞላ፥ ቀኑን የሚጠብቅና ልጁን አሳምኖ የሚያመጣ ወላጅ፥ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሳይጀምር እርሱ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ጥሩ ውጤት ቢያመጣ ምስጋናው የሰልፉ ነው ወይስ የወላጁ? በሌላ ወገን ደግሞ በተራው ትምህርት ቤት የጄ.አር.ኦ.ቲ.ሲ. ክፍል የሚገቡት አንዳንዶቹ በትምህርታቸው የደከሙና «ምናልባት ይህ ያቀናቸው ይሆናል» ተብለው የተላኩ ናቸው። የነርሱ ውጤት ዝቅ ቢል ጥፋቱ የትምህርቱ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ውጤትን ከውጤት ማመዛዘን የሚወድ ሰው አስቀድሞ ማን እንደገባና ማን እንደላከው መጠየቅ አለበት። ሰልፍ ልጁን በሰዓቱ ወደ ክፍል ያስገባዋል፤ የሒሳቡን ጥያቄ ግን አይሠራለትም።

የወላጅ ድርሻ ትልቅ መሆኑን ከተናገርን፥ ድርሻው ምን ምን እንደሆነ ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጕዳይ ለብዙ ዘመን የመረመሩት ጆይስ ኤፕስታይን የቤትንና የትምህርት ቤትን ኅብረት በስድስት ክፍል ይከፍሉታል። እነርሱም ልጅን በቤት በሚገባ ማሳደግ፥ ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር፥ በፈቃደኝነት ማገልገል፥ በቤት ትምህርቱን መደገፍ፥ በትምህርት ቤቱ ውሳኔ መካፈልና ከአካባቢው ማኅበረ ሰብ ጋር መተባበር ናቸው። በ2009 ደግሞ ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ ሊቃውንት ስለ መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረጉ ሃምሳ ያህል ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፥ ከጥሩ ውጤት ጋር ከሁሉ ይልቅ ተያይዞ ያገኙት የቤት ሥራ ማሠራትን አልነበረም። ወላጅ ለልጁ የትምህርትን ዋጋ ማስረዳቱ፥ ተስፋውን መንገሩና ስለ ወደፊት ኑሮው አብሮ መምከሩ ነበር። ይህ ነገር ለብዙ ወላጆች የሚያጽናና ነው። አልጀብራ ያልተማረች እናት ልጅዋን አልጀብራ ልታስተምር አትችልም፤ ነገር ግን ማታ አጠገብዋ አስቀምጣ «ምን ልትሆን ታስባለህ? ለዚያስ ምን ያስፈልግሃል?» ልትለው ትችላለች።

በኛ ልማድ ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ ተግሣጹንም አብሮ ይሰጥ ነበር። ያ መተማመን መሠረት ነበረው። መምህሩና ወላጁ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገናኛሉ፤ ልጁ ቢያጠፋ ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤት ይደርሳል። በአሜሪካ ከተማ ግን አባት በሌሊት፥ እናት በቀን ሥራ ይውላሉ፤ አዛዡን በመልክም አያውቁት። ልማዱ ሲቀጥል መሠረቱ ግን ከሥሩ ጠፍቷል። በዚያ ላይ የቋንቋ ችግር አለ፤ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚተረጕመው ራሱ ልጁ ነው። ስለ ገዛ ጥፋቱ የተጻፈውን ልጁ ሲያነብ ጥፋቱ በአፉ ላይ እንደሚያንስ የታወቀ ነው። የደንብ ልብሱ ንጹሕ፥ ሰላምታው ያማረ ሆኖ ወላጆቹ «ልጃችን ቀንቶልናል» ሲሉ፥ በሁለት ትምህርት መውደቁን የሚሰሙት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

ስለዚህ ወላጅ በሕግ የተሰጠውን መብት ማወቅ አለበት። በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት፥ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ ለማየት መብት አለው። በ2015 የወጣው የትምህርት ሕግም፥ የድኻ ልጆችን ለመርዳት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በተቻለ መጠን ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስታውቁ ያዛል፤ እንግዲህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ይኸው ሕግ ከርሱ በፊት እንደነበረው ሁሉ፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ስም፥ አድራሻና የስልክ ቍጥር ለጦር ሠራዊት መልማዮች እንዲሰጡ ያዛል፤ ወላጅ ግን «የልጄ አይሰጥ» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ይችላል። ደግሞም የ17 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፊርማ በጦር ሠራዊት ሊመዘገብ አይችልም፤ 18 ሲሞላው ግን ፊርማው የራሱ ብቻ ነው። ወላጅ በወታደርነት ደስ ይበለው ወይም አይበለው፥ ይህ ምክር ከልጁ ጋር ፊርማ ከመጠየቁ በፊት መመከር አለበት። አገርን ማገልገል የተከበረ ነገር ነው፤ የሚከበረውም ልጁ አውቆና መርጦ ሲገባበት ነው። በ2022 የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ፥ በአንዳንድ ተራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ በጄ.አር.ኦ.ቲ.ሲ. ክፍል ተመዝግበው መገኘታቸው፥ ዝም ያለ ወላጅ እንደተስማማ የሚቈጠርበት ጊዜ መኖሩን ያሳያል።

ከመብቱ ቀጥሎ ግዴታው ይመጣል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» እንደሚባለው፥ በቤቱ ወሰን ያላየ ልጅ የትምህርት ቤቱ ሥርዓት እንደ ጠላት ሆኖ ይታየዋል። በትምህርት ቤት በሰዓት እየኖረ በቤት እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ የሚጫወት ልጅ በሁለት ሕግ መካከል ተከፍሎ ይኖራል። በሌላ ወገን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ሲቀበል የዋለ ልጅ ማታ በቤቱ ሌላ አዛዥ ሊጠብቀው አይገባም። እርሱ ማታ የሚሻው የሚሰማው ጆሮ ነው። ለአዛዡ የማይነግረውን ፍርሃትና ኀዘን ለእናቱ ካልነገረ ለማን ይነግራል? ሁሉም ልጅ ለሰልፍ አይፈጠርም፤ አንዱን የሚያበረታው ጩኸት ሌላውን ያሸማቅቀዋል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ከወላጅ የቀረበ ሰው የለም።

እንግዲህ ልጁን ወደንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስብ ወላጅ፥ አስቀድሞ በማለዳ ሄዶ ሰልፉን፥ ቀጥሎም ገብቶ የሒሳቡን ክፍል ይይ። ስንት ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንደሚጨርሱ፥ ስንቶቹም ወደ ኮሌጅ እንደሚገቡ ይጠይቅ። ቅጣቱ ምን እንደሆነ፥ ልጁ ሥርዓቱ ባይስማማው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚዛወር ይረዳ። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላም ሁለቱንም፥ ማለት መምህሩንና አዛዡን፥ በየጊዜው ያነጋግር፤ አንዱ ስለ ትምህርቱ፥ ሁለተኛው ስለ ጠባዩ የሚነግሩት ካልተስማማ ምክንያቱን ይመርምር። እንግሊዝኛ የሚችል ጐረቤት ወይም የሰበካ ወዳጅ ይዞ መሄድ አያሳፍርም፤ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ይቅር። ልጁ ማዕርግ በተሰጠው ቀን አባትና እናት ሥራ ትተውም ቢሆን በአዳራሹ ቢገኙ፥ ያች አንዲት ሰዓት ከብዙ ተግሣጽ ትበልጥለታለች።

ይህ ምክር ለአሜሪካ ብቻ የሚሆን አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ልጁን «ጥብቅ ነው» ወደተባለ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ ሁሉ ያው ፈተና አለበት፤ ክፍያውን ከፍሎ፥ ልብሱን አሰፍቶ፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሌላ ሰው መተው ይቀለዋል። መምህሩ ልጁን የሚይዘው ለአራት ዓመት ነው፤ አዛዡም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰልፍ ይቀበላል። ወላጅ ግን ልጁን ለዕድሜው ሙሉ ስለሚይዘው፥ በነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዳይርቅ አደራ እንላለን።