ክሎሮኪን በወባ ተሕዋስ ሽፋኖች የሚያልፍበት መንገድና ለአሶሳ አካባቢ ሕክምና ያለው ትርጉም

በአሶሳና በአካባቢዋ ቆላማ ወረዳዎች ወባን በዋናነት የሚያስከትሉት ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ናቸው። ኢትዮጵያ ክሎሮኪንን ለፋልሲፓረም ሕክምና መስጠት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ለቫይቫክስ ግን ከዚያም በኋላ ስትጠቀምበት ቆይታለች። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቱ በሽፋኖች የሚያልፍበትን መንገድ መነሻ አድርጎ፣ ሁለቱን ተሕዋስያን በትክክል መለየት ለምን ወሳኝ እንደሆነ ያብራራል።

የሕዋስ ሽፋን መሠረቱ ድርብ የቅባት ንብርብር ነው። ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው የክሎሮኪን ሞለኪውል ይህን ንብርብር ያለ ተሸካሚና ያለ ኃይል ወጪ፣ ከበዛበት ወደ አነሰበት እየሰረገ ያልፋል። በዚህ አኳኋን የቀይ የደም ሕዋሱን፣ ተሕዋሱን የከበበውንና የተሕዋሱን የራሱን ሽፋን ተሻግሮ ሄሞግሎቢን ወደሚፈጭበት ከረጢት ይገባል። ከረጢቱ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 ገደማ ነው። ክሎሮኪን ደካማ ቤዝ በመሆኑ በዚያ ሁለት ፕሮቶኖችን ተቀብሎ አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ሙል የያዘ ሞለኪውል ቅባቱን በቀላሉ ስለማያልፍ መድኃኒቱ ተጠምዶ ይከማቻል፤ ከሄሞግሎቢን የሚወጣው መርዛማ ሂም ወደ ጉዳት አልባ ክሪስታል እንዳይለወጥ በመከልከልም ተሕዋሱን ይገድላል።

መድኃኒቱን የተላመደው ፋልሲፓረም ግን ለተጠመደው ሞለኪውል መውጫ አበጅቷል። ፒኤፍሲአርቲ የተባለው የከረጢቱ ሽፋን አሻጋሪ ፕሮቲን 424 አሚኖ አሲዶች አሉት። በ76ኛው ቦታ የሚገኘው ላይሲን አዎንታዊ ሙል ስላለው፣ ተመሳሳይ ሙል የያዘውን ክሎሮኪን ይገፋል። በተላመደው ዝርያ ቦታውን ሙል የሌለው ትሪዮኒን ይይዛል፤ ከሌሎች ተጓዳኝ ለውጦች ጋር ሲቀናጅም ፕሮቲኑ ክሎሮኪንን ከከረጢቱ ያስወጣል።

ማላዊ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1993 ካቆመች በኋላ ይህ ለውጥ ያለበት ተሕዋስ እየጠፋ ሄዶ መድኃኒቱ ፈዋሽነቱን መልሶ አግኝቷል። በኢትዮጵያ ግን መድኃኒቱ ለቫይቫክስ መሰጠቱ ስለቀጠለ፣ በተለይ ሁለቱ ተሕዋስያን በአንድ ታማሚ ላይ ሲገኙ ፋልሲፓረምም ይነካዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም በሚሰጠው ጥምር መድኃኒት ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን በ76ኛው ቦታ ላይሲን ላለው ዝርያ ያደላል። ሁለቱ መድኃኒቶች ተሕዋሱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጫኑታል ማለት ነው።

በምርመራ ፋልሲፓረም ቫይቫክስ ተብሎ ቢመዘገብ፣ የተሰጠው ክሎሮኪን ከከረጢቱ ሊወጣና ሕመሙ ወደ ከባድ ወባ ሊሸጋገር ይችላል። ስለሆነም በክልሉ የሚካሄዱ የመድኃኒት ፈዋሽነት ጥናቶች ከተሕዋሱ ዓይነት ልየታ ጋር የ76ኛውን ቦታ ዘረመላዊ ምርመራ ቢያካትቱ፣ ከሁለቱ ጫናዎች የትኛው እንደሚያይል መከታተል ይቻላል።