ቆዳው ይጠይም፣ ፀጉሩ ይቅር

ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ሲረጭ ያየ ሰው ሥራው ከመርጫው እንደማይጀምር ያውቃል። መጀመሪያ መስታወቱና መብራቱ በአሮጌ ጋዜጣና በፕላስተር ይሸፈናል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የውበት ሳሎኖች ውስጥ በመኪናው ቦታ ሰው ይቆማል። የሚረጨው ቆዳ ነው፣ የሚሸፈነው ደግሞ ፀጉር።

ስፕሬይ ታን ይሉታል፤ ነጣ ያለ ቆዳን በርጭት ለጥቂት ቀናት ማጠየም ማለት ነው። ፀሐይ እንዳያጠቁራት ጃንጥላ ዘርግታ ለምትሄድ የአዲስ አበባ ሴት ነገሩ ግራ ነው። እዚያ ግን ለጠይምነት ይከፈላል፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ የዳንስ ተወዳዳሪ ከመድረክ በፊት፣ የሰውነት ቅርጽ ተወዳዳሪ ጡንቻው በመብራት ሥር ጎልቶ እንዲታይ ይረጫሉ። ድሮ ይህን ቀለም የሚፈልግ ሰው በአልትራቫዮሌት ጨረር አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እነዚያን አልጋዎች ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባቸው። ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለቻቸው፤ አብዛኞቹ የአውስትራሊያ ግዛቶችም ከ2015 ጀምሮ ለንግድ እንዳይውሉ አገዱ። ጠይም መምሰል የሚፈልገው ሰው ግን ፍላጎቱ አልቀነሰም፤ ብዙዎች ወደ ርጭቱ ዞሩ።

በፈሳሹ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል ቀላል ስኳር ነው፤ ባለሙያዎቹ ዲ ኤች ኤ ብለው ያሳጥሩታል። ቆዳን ማጠየሙ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ኢቫ ዊትገንስታይን የተባሉ ተመራማሪ ሰውነታቸው ስኳር በአግባቡ ማከማቸት ለተሳናቸው ሕፃናት ይህን ፈሳሽ በአፍ ይሰጡ ነበር። ሕፃናቱ አንዳንዴ ሲተፉት ወይም ሲያፈሱት ቆዳቸው ላይ ያረፈው ጠብታ ከሰዓታት በኋላ ቡኒ ሆኖ ተገኘ፤ ልብሳቸውን ግን አላቀለመውም። ተመራማሪዋ በራሳቸው ቆዳ ላይ ሞክረው አረጋገጡ። በ1960 የጥናቱ ውጤት ሲታተም የመዋቢያ ኩባንያዎችም ቆዳ የሚያጠይም ቅባት ለገበያ ማቅረብ ጀምረው ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ የቡና ምጣድ ይበቃል። ቡናው ሲቆላ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ የሚሄደው በከፊል ስኳርና የፕሮቲን ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚዋሃዱ ነው። የዳቦ ቅርፊትም ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 ስለገለጸው ውህደቱ በስሙ ይጠራል። ዲ ኤች ኤ ደግሞ ምጣድም እሳትም ሳይፈልግ የላይኛው የሞተ ቆዳ ላይ ካሉት አሚኖ አሲዶች ጋር ይዋሃዳል። ቀለሙ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ያ ቆዳ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ተፈርፍሮ ሲወድቅ አብሮ ይሄዳል። ከፀሐይ አይከላከልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ፀጉር ምን አገባው? ፀጉርም ሆነ የላይኛው ቆዳ የተሠሩት ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ነው፤ ዲ ኤች ኤ ደግሞ ግንባሩ እዚህ አለቀ፣ ፀጉሩ ከዚህ ጀመረ ብሎ አይለይም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ በ2021 በወጣው ደንብ ይህ ንጥረ ነገር በቆዳ ማጠየሚያ እስከ 10 በመቶ፣ በፀጉር ማቅለሚያ ደግሞ እስከ 6.25 በመቶ ተፈቅዷል። የፀጉር ቀለም ጭምር ነው ማለት ነው። ጥቁርና ጤነኛ ፀጉር ላይ ቢያርፍ ማንም ልብ አይለውም። ችግሩ ነጭ ሽበት ላይና በኬሚካል ተነጥቶ ብሎንድ በሆነ ፀጉር ላይ ነው። ኬሚካሉ የፀጉሩን የላይ ቅርፊት ስለሚከፍተው ፀጉሩ ያገኘውን ፈሳሽ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። በዚያ ላይ ፈሳሹ ሲረጭ የት እንደደረሰና የት እንደቀረ ለባለሙያዋ እንዲታያት የሚጨመርበት የመመሪያ ቀለም የሚባል ሌላ ቀለም አለ፤ መሠረቱ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል። ሁለት መቶ ዶላር የተከፈለበት ብሎንድ ዳር ዳሩ ወደ ብርቱካን ወይም ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ደንበኛዋ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም።

መከላከያው ርካሽ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሐኪሞች የሚያጠልቁትን የመሰለ፣ ዳሩ ላስቲክ የሆነና አንዴ ተደርጎ የሚጣል ስስ ቆብ ነው። ብልሃቱ ላስቲኩ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ላይ ነው። ቆቡ ወደ ግንባር ወርዶ ከተደረገ ፀጉሩ ይድናል፤ ሲወልቅ ግን ከፊቱ ጠርዝ ጋር አንድ ጣት የሚያህል ነጭ መስመር እንደ ነጠላ ጥለት ዞሮ ይታያል። ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ የፊት ፀጉሩ ቀለሙን ይጠጣል። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ፀጉሩን ሰብስባ አናት ላይ ታስራለች፤ ከዚያ ላስቲኩን ፀጉሩ ከሚነሳበት መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ታሳርፈዋለች። ጆሮ ከቆቡ ውጭ ይሆናል፤ አለዚያ ነጭ ጆሮ በጠይም ፊት ላይ ይቀራል።

ከቆቡ ፊት የምትቀረዋን ቀጭን የፀጉር መስመር ክሬም ወይም ቫዝሊን በነካ የጆሮ ጥጥ ትለቀልቃታለች። የእኛ ፀጉር ቤቶች ይህን ያውቁታል፤ ግን ተገልብጦ። እኛ ጋ ፀጉር ቀለም ሲቀባ ግንባርና ጆሮ ዳር ቫዝሊን የሚደረገው ቆዳው እንዳይቀልም ነው፤ እዚያ ፀጉሩ እንዳይቀልም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቫዝሊኑ ከፀጉር አልፎ ግንባር ላይ ትንሽ ከወረደ የወረደበት ቦታ ቀለም አይዝምና እንደ ለምጽ ነጥብ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የነጣ ቅንድብም እንዲሁ በጥንቃቄ ይለቀለቃል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማጅራት ነው። ፊት ለፊት በመስታወት ስለሚታይ ሁሉም ይጠነቀቅለታል፤ ከኋላ ግን ከቆቡ ያመለጡ ለስላሳ ፀጉሮች አንገት ላይ ይለጠፋሉ። በሥራቸው ያለው ቆዳ ቀለም ሳያገኝ ይቀርና ቆዳው ላይ የፀጉር ቅርጽ ይታተማል። ስለዚህ ባለሙያዋ ደንበኛዋን አዙራ፣ አገጯን ወደ ደረት አስጎንብሳ፣ ያመለጠውን በጣቷ ወደ ቆቡ ትመልሳለች። ራሰ በራ ሰው ቆብ አያስፈልገውም፤ ጭንቅላቱ ሁሉ እንደ ግንባር ይቆጠርና ይረጫል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዲ ኤች ኤን የሚፈቅደው ከውጭ በቆዳ ላይ ለመቀባት ብቻ ነው፤ በርጭት ጊዜ ዓይንና ከንፈር እንዲሸፈኑ፣ ጉሙም በአፍንጫና በአፍ እንዳይሳብ ይመክራል። ፀጉርን የሚመለከት ምክር ግን የለውም። የፀጉር ነገር የጤና ሳይሆን የመልክ ጉዳይ ነውና ለባለሙያዋ እጅ የተተወ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የአንድ ሳሎን ጥራት በውድ ማሽኑ ሳይሆን በደንበኛው ግንባር ጠርዝ ላይ የሚታየው። ርጭቱ አልቆ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቆቡን ታነሳለች፤ ላስቲኩ ያረፈበትን በደረቅ የፊት ብሩሽ እየዳበሰች መስመሩን ታደበዝዛለች፤ ፀጉር ላይ ያረፈ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ከደረቀ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ከሳሎኑ ከተወጣ በኋላ አደጋው ይገለበጣል፤ አሁን የሚያበላሸው ፀጉሩ ነው። ቀለሙ እስኪይዝ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ቆዳው ውሃ አይነካውም። እርጥብ ፀጉር ትከሻ ላይ ከተለቀቀ የወረደችው ጠብታ ሁሉ ጀርባ ላይ እንደ እንባ መንገድ ትታያለች። ፀጉር መታጠብ ያለበት ከርጭቱ በፊት ነው፤ ያኔም ኮንዲሽነሩ ከአንገትና ከጀርባ በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ ቅባቱ ልክ እንደ ቫዝሊኑ ቀለሙን ያግዳልና። ተጠንቅቀውም ፀጉር ቀለም ከነካው የመመሪያ ቀለሙ በአንድ ሁለት የሻምፑ እጥበት ይሄዳል፤ በተነጣ ፀጉር ውስጥ የገባው ዲ ኤች ኤ ግን ቶሎ አይለቅም።

ለሠርግ የምትዘጋጅ ካለች ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፀጉር መታጠብ፣ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መረጨት፣ ሰዓቱ ሲሞላ ሰውነትን መለቅለቅ፣ የፀጉር ሥራው ከዚያ በኋላ። ከወንበሩ ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ ቆቡ ሲወልቅ ሁለት መስታወት ይጠይቁ፤ አንዱ ለግንባር፣ አንዱ ለማጅራት።